ከእንግዶች የተደበቀ ጭስ

ስለ እሳት ሁላችንም አዋቂዎች ነን። ስለ ጭስ ግን እያንዳንዳችን የምናውቀው ዓይናችን ውስጥ የገባውን ያህል ብቻ ነው። የሌላ ሰው ጭስ እንዲያውም ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ኮረብታው ደመና የለበሰ ይመስላል። እኔ በደን መሥሪያ ቤት እየሠራሁ፣ ኮርስ ተልኬ፣ ጭስን አጥንቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ጥናት በኋላ የሠራሁትን ጥፋት ግን ያልተማረ ሰው አይሠራውም ነበር።

ነገሩ የሆነው በአብዮቱ ዘመን፣ አምቦ ውስጥ ነው። ደብዳቤዎቻችን ከተማዋን በመንግሥት ስሟ «ሀገረ ሕይወት» ብለው ይጀምሩ ነበር፤ ከደብዳቤ ውጭ እንዲህ ብሎ የሚጠራት ሰው ግን አላጋጠመኝም። ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የጥድና የባሕር ዛፍ ደን ነበረን። በየዓመቱ ጥር ላይ ከዛፎቹ ሥር የደረቀውን ሣርና ቅጠል እኛው ራሳችን በልክና በተራ እናቃጥለዋለን። ደን ጠባቂ ደን ውስጥ እሳት ሲለኩስ ያየ ሰው ቢገረም አልፈርድበትም። ነገር ግን ያን ሣር ጥር ላይ እኛ ካላቃጠልነው፣ የካቲት ላይ አንድ ማር ቆራጭ በችቦው ከነዛፉ ያቃጥልልናል። ይህን እስከ ዛሬ አምንበታለሁ፤ ጸጸቴ ከእሳቱ ጋር አይደለም።

ችግሩ ጭሱ ነው። አምቦ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ናት። ጎህ ሲቀድ፣ መሬቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የተነሣ ጭስ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ ቁልቁል ወርዶ ከተማው ላይ ይተኛል። ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይ መሬቱን ስለምታሞቀው ቀጥ ብሎ ይወጣና ነፋስ ይወስደዋል። እኔ ይህን ከደብተሬ ነው የማውቀው። የደኑ ጥበቃ ኦቦ ነገሮ ያለ ደብተር ያውቁታል። አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ይለኩሱና ጭሱን ትክ ብለው እያዩ «ገና አልነቃም፤ ተዉት» ይላሉ። ቆየት ብለው «አሁን ተነሣ» ሲሉ ሥራ እንጀምራለን።

ከዚህ ጭስ ጋር የከረመ ጠብ የነበራቸው አከራዬ አዴ በቀሉ ናቸው። አስም አለባቸው። ጥር በመጣ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የምታቃጥሉበትን ቀን ንገረኝ። ስነግራቸው በዋዜማው አውቶቡስ ተሳፍረው ጌዶ፣ ልጃቸው ዘንድ ይሄዳሉ፤ አየሩ ሲጠራ ይመለሳሉ። «ከመንግሥት ሥራህ ለእኔ የምትደርሰኝ ይቺ ቀን ብቻ ናት፤ እሷን አትንፈገኝ ኢልመኮ» ይሉኝ ነበር። ኢልመኮ ማለታቸው ልጄ ማለታቸው ነው።

በዚያ ዓመት በደብዳቤ የተቆረጠው ቀን ሐሙስ ነበር፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ነገርኳቸው። ረቡዕ ሊሄዱ ጓዛቸውን ሸከፉ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ለስብሰባ ጠሩን። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ እስከ ቅዳሜም ይቆያሉ። ምን ሊጎበኙ ይመስላችኋል? ደኑን! «ጓዶች፣» አሉ ኃላፊው፣ «የደን ልማት ሊያይ የመጣ እንግዳ ደን ሲጨስ ቢያይ ምን ይላል?» ወደሚቀጥለው ሳምንት እንዳናሸጋግረው ከገበሬ ማኅበሩ የተመደበልን ሰው የዚህ ሳምንት ብቻ ነው። ነገ ቀትር ላይ ደግሞ የእንግዶቹ ቀዳሚዎች ይገባሉ። ስለዚህ ተወሰነ፤ ነገ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ተጀምሮ ከተማው ሳይነቃ ያልቃል። ለማንም አይነገርም፤ ሕዝቡ እንዳይደናገጥ።

ኦቦ ነገሮ ተነሥተው፣ በዚያ ሰዓት ጭሱም እንዳልነቃ፣ እንደ ጠገበ በሬ ሜዳው ላይ እንደሚጋደም አስረዱ። ኃላፊው ጭስ የሥራ ሰዓት እንዳለው ገና ዛሬ መስማታቸው መሆኑን ተናግረው ቤቱን አሳቁት። ኦቦ ነገሮ ወደ እኔ ዞረው «አንተ የተማርከው፣ ንገራቸው እንጂ!» አሉኝ። እኔ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዥ ደግሞ አይናገርም። ይህ ደንብ የት እንደተጻፈ እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁትም።

አመሻሹ ላይ ቤት ስደርስ አዴ በቀሉ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ብለው «ሐሙስ ነው አይደል ኢልመኮ?» አሉኝ።

እስኪ አስቡት፤ «ነገ ጠዋት ነው» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ሦስት። የጌዶው አውቶቡስ አልፏል፤ ግን ጉደር እህት አለቻቸው፣ በጭነት መኪናም ቢሆን ይደርሱ ነበር። እኔ ግን ምስጢር ጠባቂ ሆኛለሁ። ደግሞ ነፋስ ሊነሣ ይችላል፣ አልኩ በሆዴ። ደግሞም በራቸውን ዘግተው ነው የሚተኙት። ሰው ዝም ማለት ሲፈልግ ምክንያት እንዴት ይፈልቅለታል! «ደብዳቤው የሚለው ሐሙስ ነው» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ደብዳቤው እውነትም ሐሙስ ይላል። በዕድሜዬ ከዋሸኋቸው ውሸቶች መካከል ግን የዚያን እውነት ያህል የሚያሳፍረኝ የለም።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ለኮስን። እሳቱ ጨዋ እሳት ነበር፤ ከተሰመረለት መስመር አልወጣም፣ አንድም ዛፍ አልነካም። ጭሱም ኦቦ ነገሮ ያሉትን አደረገ። ቁልቁል ተንከባሎ የሁሉቃን ወንዝ ተከትሎ ከተማው ላይ ተጋደመ። ከኮረብታው ላይ ሆኜ ስመለከት አምቦ የለችም። ከነጩ ጭስ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቻ ብቅ ብሏል፤ ከሥሩ የሰው ሳል ይሰማል። ኦቦ ነገሮ አጠገቤ መጥተው ቀስ ብለው «አከራይህ ሄደዋል?» አሉኝ። ቁልቁል ሮጥኩ።

ጎረቤቶች አዴ በቀሉን ደጃፉ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ደረታቸው እንደ ወናፍ ይነፋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ክኒናቸው ለረቡዕ ከተሸከፈው ጓዝ ውስጥ ነበር፤ አንዷ ጎረቤት እየፈታች ልብሱን ሁሉ መሬት ላይ በትናለች። በጋሪ ሆስፒታል አደረስናቸው። ቀናት ተኝተው ዳኑ።

ልጃቸው ከጌዶ መጥታ ወሰደቻቸው፤ ከእንግዲህ አምቦ አይኖሩም አለች። አዴ በቀሉ አልተቆጡኝም። ብቻ አውቶቡሱ ላይ ሲወጡ «ቤቱን አደራ፣ ጓድ» አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ቀኑ በየቀበሌው ተለጠፈ። እኔም ቤት ለቤት ዞሬ ለእያንዳንዱ ሰው ተናገርኩ። ረፋዱ ላይ ለኮስን፤ ጭሱም እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። ሪፖርቱን ስጽፍ «ከነዋሪዎች የቀረበ ቅሬታ» በሚለው መስመር ላይ «የለም» ብዬ ሞላሁ። ይህም እውነት ነበር፤ ቅሬታ ያላቸው ነዋሪ የጌዶ ነዋሪ ሆነዋል።