እትዬ ይበቃታል

የስፖርት አዳራሽ ባለበት ሁሉ አንዲት «ይበቃታል!» ባይ እናት አትጠፋም። እኛ ግን የሁሉም የበላይ፣ ክብርት እትዬ ይበቃታልን አግኝተናል።

እኔ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ስፖርተኞች ጉልበት እንዲያዳብሩ አሠለጥናለሁ። ዘዴው አጭር ነው፦ አንድ ነገር ታሳያለህ፤ ከዚያ አፍህን ዘግተህ ትጠብቃለህ። የእትዬ ልጅ፣ አሎሎ ወርዋሪያችን፣ አስባ እስክትጀምር ትቆያለች፤ ከጀመረች ግን የሚያቆማት የለም። እናቷ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

ቁጭ ብድግ ካሳየሁ፣ ልጅቷ ገና ስታስብ እትዬ ከነቀሚሳቸው ሠርተው ይጨርሳሉ። ከባዱን ኳስ ወደ ግድግዳ መግፋት ነው? እሳቸው ገፍተውታል።

«እትዬ፣ እሷ ትሥራው እንጂ!»

«ውይ፣ ልጄን ልትገድላት ነው እንዴ? ይኸው ሠራሁላት። ይበቃታል!»

ዓመቱ እንዲህ አለፈ።

ውድድሩ ሲቃረብ የልጅቷ ወሬ ሁሉ አሎሎ ሆነ። እትዬ ግን «መወርወሪያው ክብ ውስጥ አብሬያት ካልገባሁ አትወዳደርም» ብለው ድርቅ አሉ። ሌላ ሰው ክቡን ከረገጠ ደግሞ ውርወራው ይሰረዛል። የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔም እግራቸው ላይ ብወድቅ፣ ተመልካች በሚከለልበት ገመድ አጠገብ ሆነው ሊያዩ ተስማሙ።

በዕለቱ ልጅቷ አሎሎውን አንገቷ ሥር ሸጉጣ ቆመች። አሰበች። ዳኛው ጠበቀ። እትዬ አልቻሉም፤ ገመዱን ከፍ አድርገው ሊሾልኩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። ወይ ጉድ! እየጎተቱኝ ሄዱ። ዓመቱን ሙሉ ማንን ሳሠለጥን እንደከረምኩ ያኔ ገባኝ።

ልጅቷ ዘወር አለች። «እማዬ፣ ተይ። የኔ ነው።»

እትዬ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። አሎሎው ሄደ። አራተኛ ወጣች፤ እናቷ ግን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ብቻዋን መምጣት ጀመረች። አዳራሹ ሰላም ሆነ፤ እኔ ግን ሰላሙን ጠላሁት። ምን ልደብቅ፣ ናፈቁኝ። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ ምነው ጠፉ?»

«ልጄ እንደሆነ ራሷን ችላለች። መጥቼ ለማን ልሥራ?»

«ለራስዎ።»

 እኔ አፌን ዘግቼ ጠበቅኩ።

«ለመሆኑ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምን ዓይነት ጫማ ነው የሚደረገው?»