መንገዱ ዋስ ይጥራ!

ሹም «ኑ እንመካከር» ብሎ ከጠራችሁ ነገሩ አልቋል ማለት ነው! ያላለቀ ነገር ቢኖረውማ ከወዳጆቹ ጋር ተደብቆ ይመክርበት ነበር እንጂ እናንተን ምን ብሎ ይጠራል? ይህን ያወቅሁት በጣሊያን ጊዜ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ጭቃው ገና ካልደረቀ ቤቴ ደጃፍ ቆሜ ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሲለዋወጥ አይቻለሁ… መጥሪያው ግን ያው ነው።

የሺን ካገባሁ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ከሮብ ገበያ ዝቅ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ከአባቴ በወረስኳት ጉብታ ላይ አዲስ ቤት ሠርቻለሁ። ሠርቻለሁ ስል… ማገሩን እኔ አሰርኩ፣ ጭቃውን የሺ መረገች፣ ሳሩን ደግሞ እናቴ እየተቆጣች አስከደነችን። እናቴ ሳትቆጣ የሚያልቅ ሥራ አልነበረም። ሲያልቅ ሦስታችንም ገባንበት።

አማቴ አያ ውቤ የሠርጌ ዕለት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ልጄን የሰጠሁህ ቤት አለኝ ስላልከኝ ነው። ጣራህ የወደቀ ዕለት እሷም ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች።»

አያ ውቤ ደግሞ ያሉትን ያደርጋሉ። በሙግት አገር ያወቃቸው፣ ለዳኝነት ሲቀመጡ ለገዛ ወንድማቸው እንኳ የማያደሉ ሰው ነበሩ። ከእናቴ ጋር በአንዲት የድንበር ድንጋይ ሦስት ዓመት ሙሉ ተሟግተዋል። ማን ረታ አትበሉኝ፤ ሁለቱም «እኔ ነኝ» እንዳሉ ሞቱ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ጣሊያኑ መሐንዲስ የመጣው። ከደብረ ማርቆስ ወደ እኛ የሚወጣ የመኪና መንገድ ሊቀይስ ነው። ስሙን አናውቅም፤ ሁልጊዜ ገመድ ይዞ ስለሚዞር «ገመዱ» አልነው። ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ ወጣት ነበር። ገመዱን ጎተተ፣ ጎተተና ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ችካል የት ቢተክለው ጥሩ ነው? ደጃፌ ላይ! ገመዱን ተከትላችሁ ብትሄዱ በቤቴ በር ትገባላችሁ፣ ምድጃዬን ትረግጣላችሁ፣ በአልጋዬ ራስጌ ትወጣላችሁ። የሺ ችካሉን አየችው። በማግስቱ የወተት ቅሏን አጥባ እንዲደርቅ ሰቀለችበት።

እኔ ግን ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቤቱስ መልሶ ይሠራል። ያስፈራኝ የሺን ማጣት ነው።

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ግራር ሥር ተጠራ። የመንደራችን ሹም ጭቃ ሹም አለሙ ካባቸውን ደርበው ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ወገኖቼ! መንገዱ በዚህ እንዲያልፍ ተወስኗል። እንግዲህ እንመካከር!»

አያችሁልኝ? ለነገሩ ገመዱም ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። አለቆቹ «ሕዝቡ ተመካክሮ ተስማምቷል» የሚል፣ የሁሉም ሰው አውራ ጣት ያረፈበት ወረቀት አምጣ ብለውታል። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጣታችንን እየቆጠረ ይጠብቃል።

የእኛን አገር ሰው ታውቁት የለም? በሌላው ቀን «የእኔን ማሳ የመሰለ አፈር ከጮቄ እስከ ዓባይ የለም» ሲል የሚውለው ሁሉ፣ የዚያን ዕለት መሬቱን ሊያማ ተሽቀዳደመ።

«የእኔ ማሳ ረግረግ ነው! ባለፈው ክረምት በሬ ሰጥሞበታል!»

«የእኔማ ከሥሩ ባዶ ነው፤ ሲረግጡት ይጮኻል!»

«ታዲያ በየት ይለፍ?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

ጣት ሁሉ ወደ እኔ ጉብታ ዞረ። «የእሱ ነው ደረቅ! እንደሱ ያለ ደረቅ መሬት ከየት ይገኛል!» ትናንት ማገር ያቀበሉኝ ጎረቤቶቼ ናቸው እንግዲህ! ገመዱ ይዞት የመጣው አስተርጓሚ ይህን ሁሉ ጩኸት በሁለት ቃል ጠቅልሎ ነገረው። ገመዱም ራሱን ነቀነቀና የቀለሙን ጠርሙስ ከፈተ።

እኔስ ዝም ብዬ የመጣሁ መሰላችሁ? መላዬን አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። በድሮ ጊዜ፣ ለማታውቁት ልጆች ልንገራችሁ፣ የተጣሉ ሰዎች አልስማማ ሲሉ በመንገድ የሚያልፈውን የመጀመሪያ ሰው አቁመው ዳኛ ያደርጉታል። ነጋዴም ይሁን ለማኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይፈርዳል። «የመንገድ ዳኛ ይዳኘን» የተባለ ሰው እምቢ ካለ በአገር ፊት ነውር ነው። ስለዚህ ከሚዜዬ ከካሴ ጋር መክረናል። ካሴ አህዮቹን ጭኖ ከጋራው ጀርባ ይቆያል። ጥላውን በእግሩ ለክቶ ዘጠኝ እግር ሲሞላ ብቅ ይላል። እኔም ልክ በዚያ ሰዓት ዳኛ እጠራለሁ። ካሴ ይቀመጣል፣ ካሴ ይፈርዳል፣ አለቀ!

ጥላዬን ሰረቅ አድርጌ ለካሁ። ዘጠኝ! ኩታዬን አጣፍቼ፣ በትሬን ይዤ ተነሣሁና «በንጉሥ አምላክ!» ልል አፌን ከፈትኩ። የትኛው ንጉሥ? የእኛው ባሕር ተሻግረዋል፤ የሮማው ደግሞ ቤቴን እያፈረሰ ነው። ምላሴ መሐል መንገድ ላይ ተጠመዘዘ።

«በ… በመንገዱ አምላክ! የመንገድ ዳኛ ይዳኘን!»

ጭቃ ሹም አለሙ ክው አሉ። እምቢ እንዳይሉ ነውር ነው፣ እሺ እንዳይሉ ጣሊያኑ አለ። አስተርጓሚው ነገሩን ሲያስረዳው ገመዱ ግን ሳቀ። ወረቀቱ ጣት ይፈልጋል፤ ፀሐይዋም ዘንበል ብላለች። ማዶ ያለው ጫካ ደግሞ ባለቤት አለው… የአርበኞቹ ነው፣ እነሱም ገመዱን አይወዱትም። ቶሎ ይለቅለት እንጂ ማንም ቢፈርድ ግድ አልነበረውም። «እሺ፣ በጋራው ላይ ብቅ የሚለው የመጀመሪያ ሰው ይፍረድ» አለ።

ሁላችንም ወደ ጋራው አፈጠጥን። ካሴ የለም። ጥላዬን ለካሁ፤ ዘጠኝ ተኩል። ካሴ የለም! ኋላ ስሰማ ለካ ያ ጉደኛ የዚያን ዕለት የወታደር ቦት ጫማ አድርጎ ነበር። ከየት እንዳገኘው አልጠየቅሁትም፤ እናንተም አትጠይቁኝ። ጥላ በባዶ እግር እንጂ በጫማ ይለካል? ጫማው ከእግሩ ሦስት ጣት ይበልጣል። በዘጠኝ እግር ሃያ ሰባት ጣት ጥላ ተጨማሪ ቁጭ ብሎ ጠበቀ!

በመጨረሻ ጋራው ላይ አንዲት በቅሎ ብቅ አለች። በላይዋ ያሉት… አያ ውቤ! ልጃቸውን ሊጠይቁ መምጣታቸው ነው።

መጀመሪያ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አማቴ ናቸዋ! የልጃቸውን ቤት ያፈርሳሉ? ቀጥሎ ግን ማን እንደሆኑ ትዝ አለኝ።

አያ ውቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለመንግሥት ጭቃ ሹሙ፣ ለቤቴ እኔ ተናገርን። እንደዚያን ዕለት አድርጌ ተሟግቼ አላውቅም፤ ሁለት ጊዜ ኩታዬ ወልቆ ወድቋል። አያ ውቤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው ሲያበቁ ተነሡ።

«ለአማቹ አደላ እንዳትሉኝ…» አሉ።

ይኸው! አለቀልኝ!

«ቤቱ ይፍረስ!»

ጎረቤቶቼ እፎይ አሉ። አንዷማ እልል አለች፤ እስከ ዛሬ ሳገኛት ሰላም አልላትም። አያ ውቤ ዳኝነቱን በዚያው ጨርሰው ወደ አባትነት ተመለሱ።

«የሺ፣ ቤት የለሽም። ዕቃሽን ያዢና እንሂድ።»

የሺ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ፈንጠር ብላ ቆመች። «እሺ አባዬ። እኔን ብቻ ነው?»

«ሌላ ማንን?»

«ባሌ አለ። ቤቱን በፍርድዎ አፍርሰው ሜዳ ላይ ልጣለው? በሬዎቹም አሉ። ጥገቷም ከነጥጃዋ። አራት ፍየሎች። ንቦቹም ከነቀፏቸው… መቼም ግቢዎ ሰፊ ነው።» ወደ ሴቶቹ ዞር አለች። «እናቱም አሉ።»

እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። ይህን ቀን ሦስት ዓመት የጠበቀች ነው የምትመስለው።

«እኔ መኝታዬ ከምድጃው አጠገብ ይሁን» አለች። «ብርድ አልወድም። ደግሞ አያ ውቤ፣ የዚያችን የድንበር ድንጋይ ነገር ማታ ማታ ረጋ ብለን እንጨርሳታለን።»

የአያ ውቤ ፊት ሲለዋወጥ ብታዩ! አንድ ጊዜ በቅሏቸውን፣ አንድ ጊዜ እናቴን ያያሉ። ሳሉ። ደግመው ሳሉ። ከዚያ ወደ ድንጋያቸው ተመልሰው ቁጭ አሉ።

«ምን ትንጫጫላችሁ? ፍርዱን መች ጨረስኩት?» ብለው ተቆጡ። «ቤቱ ይፍረስ ያልኩት መንገዱ ዋስ ከጠራ ነው! ዛሬ ቤት የወሰደ ነገ ማሳ፣ ከነገ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ላለመውሰዱ ዋሱ ማን ነው? መንገዱ ዋስ ይጥራ!»

«መንገድ እንዴት አድርጎ ዋስ ይጠራል?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«አፍ ከሌለው ባለቤቱ ይጥራለታ! እርስዎ ይሁኑት እስቲ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ‹እኔ አለሙ የጣሊያን ዋስ ነኝ› ይበሉ!»

ጭቃ ሹም አለሙ ወደ ጫካው አዩ። ካባቸውን ሰበሰቡ። «እኔ… እኔ ለራሴም ዋስ የለኝ» አሉ ቀስ ብለው። መሬቱን ሲያማ የዋለ ሁሉ አሁን ዓይኑን እዚያው መሬት ላይ ተከለ።

ገመዱ ወረቀቱን አየ፤ አንድም ጣት የለበትም። ፀሐይዋን አየ። ጫካውን አየ። ከዚያ በራሱ ቋንቋ የማይተረጎም ነገር ተናገረና ደጃፌ ድረስ ሄዶ የየሺን ቅል በጥንቃቄ አወረደ፤ ችካሉን ነቀለ፤ ስድሳ እርምጃ ወጣ ብሎ የማንም ካልሆነው ድንጋያማ ተረተር ላይ ተከለው። መንደሩ ሁሉ ተንጋግቶ ጣቱን ቀለም ነከረ። የእኔ አውራ ጣት ከደስታ ብዛት ሁለት ጊዜ አርፋለች።

ካሴ የደረሰው ይኼኔ ነው። አህዮቹን እየነዳ ገና ከሩቅ «ፈርጃለሁ! ቤቱ አይፈርስም!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልጠየቀው! ገመዱ ዘወር ብሎ ሳያይ እናቴ የካሴን ቦት አይታ በክንዱ ጎትታ ጭቃ ውስጥ አቆመችው፤ ጣሊያኑ እስኪሄድ ድረስም አላወጣችውም።

ጣሊያን መንገዱን ሳይጨርሰው ተባረረ፤ የእኛው መንግሥት ጨረሰው። ችካሉን ተከትሎ ነው የጨረሰው፣ በጉብታዬ ዙሪያ ያለችውን ጠማማ ማንም አላቃናትም። ቤቴም አለች፣ የሺም አለች።

ባለፈው ሳምንት ከየሺ ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ስንሄድ ሾፌሩ ጠማማዋ ላይ ሲደርስ መሪውን እየጠመዘዘ፣ ላቡን እየጠረገ ተማረረ።

«ይችን መንገድ የቀየሰ ሰው ግን ሰክሮ ነበር እንዴ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የሺ ግን ነጠላዋን አስተካከለች።

«አልሰከሩም ልጄ» አለችው። «ፈርተው ነው!»