ለሌባው ካርቶን፣ ለወንድሜ ገንዘብ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ፍታልኝ ብዬ ማንንም አልለምንም፤ ፍቺው ራሱ ሕልሙ ሳያልቅ ደርሶልኛል።

መጀመሪያ ግን የታናሽ ወንድሜን የደርበውን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ይቺ ሴትዮ ለየላት ትላላችሁ። ደርበው ትንሽ ሱቅ አለችው። ዝርዝር ሳንቲም ከከተማው ድራሹ ሲጠፋ፣ እንደ ሌላው ባለሱቅ በመልስ ፋንታ ማስቲካ መስጠት ደበረው። "የሰፈሩን ልጅ ጥርስ ጨረስኩት እኮ" አለና የብስኩት ካርቶን በመቀስ እየቆራረጠ፣ የሱቁን ማኅተም እየመታ፣ "አንድ ብር"፣ "ሁለት ብር" ብሎ እየጻፈ መልስ ይሰጥ ጀመር። ካርቶኗን መልሶ ያመጣ ሰው ዕቃ ይወስድባታል፣ አለቀ። ሰፈሩ ወደደለት። የታክሲ ረዳት ሳይቀር ተቀበላት።

ታዲያ አንድ ቀን ጓንጉል የሚባል ሌባ ቆርቆሮውን ገንጥሎ ገባና ያንን ካርቶን በጆንያ ሞላው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ደርበው ደረሰበትና "በሕግ አምላክ!" አለው። ጓንጉል ጩቤ መዘዘ። ወንድሜ የበሩን መወርወሪያ አንስቶ ክንዱን ሰበረው። ይኼ ራስን መከላከል አይደለም? አይደለም ተባለ። ጩቤው አልተገኘም። የተሰረቀውም ዋጋ የሌለው የካርቶን ቁራጭ ስለሆነ፣ ስርቆት የሚባል ነገር የለም። ወንድሜ ግን ያችኑ ቁራጭ በመሥራቱ ገንዘብ አትሟል ተብሎ ሌላ ክስ ተጨመረበት። ለሌባው ሲሆን ካርቶን፣ ለወንድሜ ሲሆን ገንዘብ! ይኸው ከታሰረ ስምንት ወሩ።

በስንት ምልጃ ባለፈው ሳምንት ዋስትና ተፈቀደለት። ደመወዝ ያለው ዋስ በቀጠሮው ቀን ችሎት ቀርቦ "አለሁ" ካለ ይወጣል፤ ካልቀረበ ዋስትናው ይቀራል። ያቺ ዋስ እኔ ነኝ፣ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛዋ የሻረግ። እሱ ከእኔ በቀር፣ እኔም ከእሱ በቀር ሰው የለንም። አሁን ወደ ሕልሜ ልመለስ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ዳኞች ተሰልፈዋል። ጥቁር ካባቸውን እንደለበሱ፣ መዝገባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ፀሐይ አናታቸውን እየበሳቸው። እኛ ባለጉዳዮቹ ውስጥ ነን፣ ጥላ ላይ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጠን። አንዱ ሸምገል ያለ ዳኛ ተራው ደረሰና ጎንበስ ብሎ በቀዳዳዋ አየኝ።

"እመቤቴ፣ ውሳኔ ልሰጥ ነበር የመጣሁት።"

"ዛሬ ውሳኔ አንቀበልም።"

"ባለፈውም እንደዚሁ ነበር ያሉኝ።"

"ሲስተም የለም። ከፋሲካ በኋላ ተመለስ።"

አንተ አልኩት! ዳኛን! እሱ እቴ፣ "እሺ እመቤቴ" ብሎ እጅ ነሳኝ።

"ልጆቼን ለጎረቤት ጥዬ ነው የመጣሁት" አለ።

"ሁላችንም ቤት አለን አባቴ። ቀጣይ!"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወዲያው ደግሞ ገበያ መሐል ነኝ። ሁለት ፖሊሶች አንድ ቦርጫም ነጋዴ አንገቱን ይዘው ይጎትታሉ። ሰውየው መቶ መቶ ብር በሁለት እጁ ታቅፏል።

"ምን አጥፍቶ ነው?" አልኩ።

"በብር ሲገበያይ ተይዞ ነው" አለኝ አንደኛው ፖሊስ።

"ኧረ እውነተኛ ብር ነው!" አለ ነጋዴው እያለቀሰ።

"እሱን እኮ ነው የምንልህ። እውነተኛ ነው። አመንክ ማለት ነው።"

ሽንኩርት ሻጯ ከመሬት አንድ መቶ ብር አነሳችና እጇን ጠረገችበት። እዚያ አገር ሰው ቤት የሚከራየው በማስቲካ ነው፤ በሬ የሚገዛው በካርቶን ነው። ካርቶኗን ሰጠችኝና አየኋት። የደርበው ፎቶ አለባት! ዓይኑን ጨፍኗል፤ መታወቂያ ሲያወጣም እንዲሁ ጨፍኖ ነው የተነሳው፣ የእኔ ጅል።

"ይኼ እኮ ወንድሜ ነው!" አልኳት።

"እሰይ፣ ታድለሽ! የት ነው ያለው?"

"እስር ቤት።"

"እንዴታ!" አለች ሽንኩርቷን እየደረደረች። "ገንዘብ ደጅ ይጣላል እንዴ?"

በዚያ ንግግሯ ሽንኩርቷን ብበትንባት ደስ ባለኝ። ግን እግሬ ችሎት ውስጥ አስገብቶኝ ነበር።

ወይ ጉድ! ዳኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ጓንጉል ነው። ካባ ለብሷል፣ የተሰበረው ክንዱ በጀሶ ታሽጎ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ተከሳሹ ደግሞ ጓጉንቸር ቁልፍ ነው፣ ሱቅ የሚቆለፍበት። እጁን በካቴና ታስሮ ቆሟል፤ እጁን ከየት እንዳመጣው አትጠይቁኝ።

"የዜጎችን በነፃ የመዘዋወር መብት ገድበሃል" አለው ጓንጉል። "በር ላይ ተንጠልጥለህ ስንቱን የድሃ ልጅ ባዶ እጁን መለስክ?"

"ጌታዬ፣ የቆለፉኝ ሌሎች ናቸው" አለ ቁልፉ።

"ዕድሜ ልክህን ተከፍተህ እንድትኖር ተፈርዶብሃል። አንሱት!"

ችሎቱ አጨበጨበ። ቁልፉ አፉን ከፍቶ እየጮኸ ወጣ።

ቀጥሎ ደርበው ገባ። ከስቷል፤ ያ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ሁሉ ነገር በተገለበጠበት አገር የእሱ ቦታ ብቻ ሳይገለበጥ ቀረ። ይኼ ነው ያንገበገበኝ። ምናለ አንድ ጊዜ እንኳ፣ በሕልም እንኳ፣ ከወንበሩ ላይ ባየው!

"'በሕግ አምላክ' ብለኸኛል?" አለው ጓንጉል።

"ብያለሁ።"

"ቀጠሮ ይዘሃል?"

"የምን ቀጠሮ?"

"ሕጉም አምላኩም በቀጠሮ ነው የሚገኙት። እሺ፣ ራስህን ለመከላከል ፈለግህ እንበል። መብትህ ነው፤ ማንም አይከለክልህም። ማመልከቻውን ግን ጥቃቱ ከመድረሱ ሦስት ቀን በፊት፣ በሦስት ኮፒ ማስገባት ነበረብህ። አስገብተሃል?"

"ጩቤ ስትመዝብኝ ጽሕፈት ቤቱ ዝግ ነበር።"

"ምሳ ሰዓት ነበር?"

"ምሳ ሰዓት ነበር።"

ጓንጉል አዘነ መሰለኝ። ጀሶውን አከክ አከክ አደረገ። "ምሳስ እውነት ነው" አለ። "ዋስ ካለህ ትወጣለህ። መያዣው አምስት መቶ ማስቲካ ነው። ታኝኮ ይቅረብ፤ ያልታኘከ ማስቲካ ሐሰተኛ መሆኑ አይታወቅም።"

አምስት መቶውን ማስቲካ እቅፌ ውስጥ አገኘሁት። ልበርታ አልኩና አንድ በአንድ እየላጥኩ ወደ አፌ እከተው ጀመር። አሥር፣ ሃያ፣ ሃምሳ። ጉንጬ ተነፋ፣ መንጋጋዬ ዛለ፣ ጣዕሙ አልቆ ጎማ ሆነብኝ። ደርበው ያየኛል። ለእሱ ስል ድንጋይም አኝካለሁ፣ እንኳን ማስቲካ!

"ዋስ አለ?" አለ ጓንጉል።

አለሁ ልል ስል አፌ አልከፈት አለ። የላይኛው ጥርሴ ከታችኛው ተጣብቋል።

"ዋስ አለ?"

እጄን ላነሳ ሞከርኩ። እጄም ማስቲካው ውስጥ ገብቶ ከጭኔ ጋር ተጣብቋል። ኧረ በማርያም! እዚሁ ነኝ እኮ! ፊት ለፊት ነኝ!

"ለመጨረሻ ጊዜ፣ ዋስ አለ?"

ደርበው የተከሳሽ ሳጥኑን በሁለት እጁ ያዘና ባለ በሌለ ድምፁ "እታለም!" ብሎ ጮኸ።

ነቃሁ።

ያለሁት ችሎት ውስጥ ነው። እውነተኛው ችሎት፣ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ የደመወዝ ደብዳቤዬን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ። ፈቃድ እንዲሰጡኝ የሁለት ቀን የክፍል ጽዳት በአንድ ሌሊት ስሠራ አድሬ፣ በጠዋት መጥቼ፣ ተራ ስጠብቅ ቁጭ እንዳልኩ ወስዶኛል። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ደርበውን ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘውታል። ዳኛዋ እየጻፉ ይናገራሉ።

"... ዋስ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ስላልቀረበ የዋስትናው ትእዛዝ ተነሥቷል። ተከሳሹ ችሎት ውስጥ በመጮህ ችሎት ስለ ደፈረ በአንድ ወር እስራት እንዲቀጣ ታዟል።"

"አለሁ!" ብዬ ተነሣሁ። "ክብርት ዳኛ፣ አለሁ! ዋሱ እኔ ነኝ፣ ይኸው ደብዳቤዬ! እኔን ሊቀሰቅስ ነው የጮኸው!"

"እናት፣ ይቀመጡ" አለኝ አንዱ ፖሊስ ትከሻዬን ይዞ። "እርስዎም ይታሰራሉ።"

ዳኛዋ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ሌላ መዝገብ ተጠራ። ደርበው በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

"ነገ ስንቅ እንዳታመጪ እታለም" አለኝ። "ትንሽ ተኚ።"

አግዳሚው ላይ ተዘርፍጬ ቀረሁ። እንባ እንኳ እንቢ አለኝ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ ነበሩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ትከሻ ለትከሻ ነበርን።

"አባቴ" አልኳቸው በሹክሹክታ፣ "ሦስት ጊዜ ሲጠራ ሰምተው ምነው ዝም አሉኝ? በክርንዎ ጎሸም ቢያደርጉኝ ምን ነበረበት?"

"ልቀስቅስሽ እጄን ዘርግቼ ነበር ልጄ" አሉኝ። "ግን በእንቅልፍሽ ስትስቂ አየሁና አሳዘንሽኝ።"