ጋሽ ዱጉማ ዝም ብለው ሲያዩ

መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከበስተኋላው ቆሞ «ና… ና… ቁረጠው… መልሰው… በቃ!» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ማንም አልጠራውም። ሹፌሩ መስታወት አለው፣ ካሜራም ይኖረዋል። ምን ዋጋ አለው! ሰውየው ካላዘዘ መኪናው የሰው አጥር ይዞ እንደሚሄድ እርግጠኛ ነው።

ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው መንደር፣ ይህ ሥልጣን የክቡር ጋሽ ዱጉማ ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ፣ ያልተሾሙ የኋላ ማርሽ ሚኒስትር። ከእንጦጦ እንጨት ጭኖ የወረደ አይሱዙ ሲታጠፍ እሳቸው አሉ። ሶፋ በጠባብ በር ሲገባ እሳቸው አሉ። የመብራት ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ከታች ሆነው ሽቦ ይመርጡለታል። «አርፈው አይቀመጡም?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እኔ ዝም ብዬ ነው የማየው።»

ይህን ሁሉ ሉሊት ችላው ነበር። ጋሽ ዱጉማ በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠና ልጅ ናት። ክፍሏ አልጋውን ከተቀበለ በኋላ ጠረጴዛውን እምቢ ስላለ፣ ጠረጴዛው በረንዳ ላይ ወጣ። ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ በረንዳው ለጋሽ ዱጉማ ዓይን የተጋለጠ ነው።

የምታጠናው ማይክሮቱቡል የሚባሉትን ነው። በሴላችን ውስጥ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ቱቡሊን ከሚባል ጡብ እየተገነቡ ወደ ሴሉ ዳር ያድጋሉ፣ ድንገት ይናዳሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ እንደገና ያድጋል። ይህን የሚወስኑት ፕሮቲኖች ናቸው፤ አንዱ ጡብ ያቀብላል፣ አንዱ ይነቅላል፣ አንዱ የሚናደውን ደግፎ ያስቆማል። የደጋፊው ስም ክላስፕ ነው። ለሉሊት ከውጭ አገር ላብራቶሪ ክላስፕ ያለባቸውና የሌለባቸው ሴሎች የተቀረጹበት ቪዲዮ ተልኮላታል። ሥራዋ እያንዳንዱን ቱቦ በዓይኗ እየተከተለች፣ መናድ ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ ቆሞ እንደተመለሰ መቁጠር ነው።

እስኪ ፍረዱ፤ ይህ ሥራ ጸጥታ አይፈልግም?

«ይሄ ምንድነው ሉሊቴ? ትል ነው?» አሉ ጋሽ ዱጉማ፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ከወንበሯ ኋላ ቆመው።

«ማይክሮቱቡል ነው ጋሼ። ሰውነታችን ውስጥ ያለ።»

«እኔም ውስጥ?»

«እርስዎም ውስጥ።»

ደረታቸውን ዳበስ አደረጉ። «ታዲያ ማን ነው የሚያስተባብራቸው?»

ሉሊት አስረዳች። አለማስረዳት ነበረባት። በማግስቱ መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው መጡ።

«ኮቱ… ኮቱ… ነይ የኔ እናት… ትንሽ ቀረሽ… ወይኔ! ተናደች! ማነው የናዳት?»

«ነቃዩ ፕሮቲን ነው ጋሼ።»

«እንዴት ዝም ይባላል? ሌላው ጡብ ሲያቀብል ይውላል፣ እሱ መጥቶ ይንዳል! አቤት የሚባልበት የለም?»

«ካልተናዱ እኮ ሴሉ ለሁለት መከፈል አይችልም። መናዱም ሥራ ነው።»

«እንዲህ እያሉ ነው የሚያታልሉሽ!»

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ መቶ አርባ ሰባት ላይ ነበርኩ! ጠፋብኝ!»

«እኔ ምን አደረግኩ? ዝም ብዬ ነው የማየው።»

ይባስ ብለው ስም ያወጡ ጀመር። አንዷ ሯጯ፣ አንዷ ወይዘሮ ቀስ በቀስ፣ ጫፏ አካባቢ ቆልመም ያለችው ደግሞ አንገተ ጠማማዋ። አንገተ ጠማማዋን አብልጠው ይወዷታል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተንዳ፣ ቆማ፣ ተነስታ፣ ሴሉ ዳር ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ቪዲዮው የሚያልቅባት ናት። ወሬውንም ለራሳቸው አላስቀሩም። ሉሊት ሻይ ቅጠል ልትገዛ ሱቅ ስትሄድ ባለሱቋ ደሳለች ሚዛኑን አቁማ፣ «ያቺ አንገተ ጠማማዋ ተሻላት?» አለቻት። ሉሊት በንዴት ሻይ ቅጠሉን ረስታ ተመለሰች።

የመመረቂያ ጥናቷን ፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ዲፌንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቆጠራው አለቀ። ውጤቱም ውርደት ሆነ። ክላስፕ ያለባቸውም የሌለባቸውም ሴሎች ውስጥ ቱቦዎቹ እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይመለሳሉ። አማካሪዋ ዶክተር ዘርዓብሩክ በስልክ፣ በሚያቆስል ትሕትና፣ «ደጋፊው ኖረም አልኖረ ለውጥ ከሌለ፣ ሉሊት፣ የምትከላከዪው ምኑን ነው?» አሏት። በዚህ ወር ዲግሪዋን ካልያዘች የሚጠብቃት የመምህርነት ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ክላስፕ የሌለበትን ቪዲዮ ከፍታ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ ዱካው ሲጎተት ሰማች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ብቻዬን ልሁን።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ ዝም ብዬ…» አሉና ስክሪኑን አዩ። «ውይ! አንገተ ጠማማዋ!»

«ይቺ ሌላ ናት። ያቺ ክላስፕ ያለበት ሴል ውስጥ ነበረች፤ ይሄ የሌለበት ነው።»

«ሌላ? አንቺ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ትኬት የሚሳፈር ሰው መልክ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ! ራሷ ናት። አሁን ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ ግማሽ ላይ ትናዳለች፣ ከዚያ ትነሳለች። እዪያት!»

አዘነበለች። ተናደች። ተነሳች።

ሉሊት ፈነዳች። «ሁሉም ይመሳሰላሉ ጋሼ! ይሄ ሳይንስ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ላይ እየጮሁ አሳበዱኝ፤ አሁን ደግሞ ሊያስተምሩኝ ነው?» አንዴ አሳፍራቸው ለመገላገል ሁለቱን ቪዲዮዎች ጎን ለጎን ከፈተቻቸው።

አንገተ ጠማማዋ በሁለቱም ውስጥ አለች። ሯጯም አለች። ወይዘሮ ቀስ በቀስም በሁለቱም ውስጥ ቀስ ትላለች። ኔትወርክ እየተቆራረጠ ስታወርድ፣ ራሷ ሉሊት አንዳንዱን ቪዲዮ በሁለት ስም አስቀምጣዋለች። ክላስፕ የሌለባቸው ካለቻቸው ስድስት ቪዲዮዎች ውስጥ አራቱ ያለባቸው ነበሩ።

ጋሽ ዱጉማ አፋቸውን ያዙ። «በሁለት ስም ትመላለሳለች? ይቺማ ሌባ ናት!»

ሉሊት ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባት። የዚያኑ ዕለት ትክክለኞቹን አወረደች። አሥር ቀን ቆጠራውን ስትደግም ዱካው ከጎኗ አልጠፋም፤ ጩኸቱም እንደዚያው። ቁጥሩ ግን አንዴም አልጠፋባትም። ደጋፊው ሲኖር ከመቶው ውስጥ አርባ አንዱ ይመለሳሉ፤ ሳይኖር አሥራ ሰባት ብቻ።

«ስህተቱን ያገኘው ማነው?» አሉ ዶክተር ዘርዓብሩክ በዲፌንሱ ቀን።

«ጋሽ ዱጉማ።»

«የትኛው ዲፓርትመንት ናቸው?»

«ጎረቤት ናቸው።»

አለፈች። ግቢ ስትደርስ ጋሽ ዱጉማ በር ላይ ቆመዋል። እንኳን ደስ አለሽ የሚል ነገር ከአፋቸው አልወጣም።

«ያቺ አንገተ ጠማማዋስ? ዳር ደረሰች?»

«ቪዲዮው እዚያ ላይ አለቀ እኮ ጋሼ። አይታወቅም።»

«አይታወቅም?» ፊታቸው ቀላ። «መድረሷን ሳታዪ ነው ዲግሪ የሰጡሽ?»

ሉሊት ክፍሏ ገብታ ለውጭ አገሩ ላብራቶሪ ጻፈች፤ የዚያ ሴል ቀረጻ ቀሪ ካለው እባካችሁ ላኩልኝ። በማግስቱ መልስ መጣ፤ አለ፣ ግን ለየትኛው ትንተና ነው የምትፈልጊው? ዲፌንሱ ላይ እንኳ እንዲህ የከበደ ጥያቄ አልገጠማትም። ሦስት ሳይንሳዊ ምክንያት ጻፈች፤ ሦስቱንም አጠፋቻቸው። ከዚያ እውነቱን ጽፋ ላከችው፤

«ሰፈሩ እየጠየቀ ነው።»