አስለቃቂው አያ ዘመነ

እግዜር አንድን አገር ሊፈትን ሲያስብ አንበጣ አይልክም፤ ጎርፍም አይልክም። አንድ አስለቃቂ ሰው ይሰጠዋል። አስለቃቂ ማለት የታሰረ ነገር ባየ ቁጥር እጁን የሚበላው፣ የሰው መቀነት እንኳ ጠበቅ ብሎ ሲያይ ሆዱ የሚባባ፣ ማን በደለ ማን ተበደለ ሳይጠይቅ "በቃ ልቀቁት!" እያለ የሚዞር ፍጡር ነው። በየቀበሌው አንድ አይጠፋም። የወረታ ድርሻ ክቡር አያ ዘመነ ናቸው። ገላነሽም ከእሳቸው ደግነት የደረሰባትን ያህል ከጠላት ደርሶባት አያውቅም።

ገላነሽ ባሏ የሞተባት፣ ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ አንድ ማሳ ሩዝ ያላት ሴት ናት። ያች ማሳ ካልሰጠች ልጆቿ ዓመቱን የሚበሉት የላቸውም።

አያ ዘመነ ማስለቀቅ ብቻ ቢሆን ሥራቸው ባልከፋ። የቃል አራሚም ናቸው። ለእያንዳንዱ መለቀቅ የራሱ ቃል አለው ይላሉ፤ እስረኛ ይፈታል፣ ከብት ይለቀቃል፣ ነፍሰ ጡር ትገላገላለች፣ ሠራተኛ ይሰናበታል፣ ያጠፋ ይማራል፣ አገር ነጻ ይወጣል። ይህን ያዛነቀ ሰው ሲገጥማቸው የሰውየው ጉዳይ ይቆምና መጀመሪያ ቃሉ ይታረማል። ባለሱቁ መሐመድአወል የተያዘች ባጃጁን ከትራፊክ ለምነው ቢያስመልሱለት፣ ከደስታው ብዛት "ባጃጄ ነጻ ወጣች!" አለ።

ምስጋናውን ሳይቀበሉ ተቆጡት። "ባጃጅ ምን ጭቆና ደርሶባት ነው ነጻ የምትወጣው? ተለቀቀች በል!"

"እሽ አያ ዘመነ፣ ተለቀቀች።"

"እንዲያ ነው። ባጃጅና ከብት አንድ ነው፤ ሁለቱም ያልተፈቀደላቸው ቦታ ይገባሉ።"

ሐሙሲት ገበያ ላይ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ "የሰው ልጅ ነው፣ ይማር" ብለው አስማሩ። ወረታ ሲደርሱ ዣንጥላቸው የለም። "ምን ያድርግ፣ ሰማዩ ከብዶ ነበር" አሉ። ወንዛዬ ሊታጠቡ ሄደው ደግሞ፣ ልጆቹ በግድ ፍል ውኃው ውስጥ ያስቀመጡትን አንድ ሽማግሌ "ይበቃዎታል፣ ይውጡ" ብለው አውጥተው በመጣው መኪና ወደ ቤቱ ሸኙት። ልጆቹ አባታችንን ውኃ ወሰደው ብለው ሲያለቅሱ ዋሉ።

በሰው ላይ ሲሆን ያስቃል። ገላነሽም ስቃለች፤ የንብረት በሬ ማሳዋን እስኪለምድ ድረስ።

ንብረት ብዙ ከብት ያለው፣ እረኛ መቅጠር ግን የሚቆጨው ሰው ነው። በሜዳው ሥርዓት አዝመራ ሳይነሳ ከብት ስድ አይለቀቅም። በሰው እህል ውስጥ የተገኘ ከብት ተይዞ ይታሰራል። የያዘው ሰው ገለባና ውኃ አይነፍገውም፤ ባለቤቱ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ ጥፋቱ ታይቶ ካሳ ይቆረጣል፣ ከዚያ ከብቱን ይወስዳል። ንብረት ግን አቋራጭ አገኘ። እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ አያ ዘመነን ይልካል። እሳቸውስ ሳይላኩም ይመጡ ነበር።

በሬው መጀመሪያ የተያዘ ጊዜ "ለማርያም ስትይ" አሉ፤ ለቀቀችው። ሲደግም "ለሽበቴ ስትይ" አሉ፤ እያለቀሰች ለቀቀችው። ጥቅምት ላይ፣ ሩዙ ዘለላውን ጥሎ ሊደርስ ሲል፣ በሬው ከነጓደኞቹ ገብቶ ማሳውን ሲያሸው ጠዋት ደረሰችበት። ሌሎቹ አመለጡ፤ እሱን ያዘችው። ግቢዋ ውስጥ ከግራር ግንድ ጋር በወፍራም ገመድ አሰረችው። ገለባ አቀረበችለት፣ ውኃ አጠጣችው። 

ረፋዱ ላይ ከዘራ መጣ፤ ከኋላው አያ ዘመነ።

"እንዴት አደርሽ ገላነሽ፣ እቴየ። ይኸ ምስኪን እንደምን አለ?"

"ማን ነው ምስኪኑ?"

"በሬው ነዋ።"

ገላነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። "አያ ዘመነ፣ ዛሬ ማርያምንም ሽበትዎንም አይጥሩብኝ። ከራስዎ ቤት አንድ ነገር አውጥተው ሲሰጡ አይቼ አላውቅም። ከእኔ እጅ ፈልቅቀው ለንብረት ይሰጣሉ፤ ምርቃቱን እርስዎ ይወስዳሉ። ጠግቦ የተኛውን በሬ ስንት ጊዜ አስለቀቁት! ልጆቼን ከረኃብ ማን ያስለቅቅልኝ?"

ልማድ ክፉ ነው። "ከረኃብ እንኳ ማዳን ነው የሚባለው፣ ማስለቀቅ..." ብለው ጀመሩ።

አልጨረሱም። የከዘራቸውን ጫፍ ጨብጣ ጎተተቻቸው። ሽማግሌ እንዲህ አይጎተትም፤ ጎረቤቷ እናኑ ከአጥር ማዶ "ኧረ ነውር ነው!" ብላ ጮኸች። ገላነሽ አልሰማችም። በጭቃው እየጎተተች ማሳው መሐል አቆመቻቸው።

አያ ዘመነ እስከዚያ ቀን የመጡት ሁልጊዜ ከብቱ ወደ ታሰረበት ግቢ ነበር። ማሳውን ረግጠውት አያውቁም። ዘለላው ተቀንጥሷል፣ አገዳው ጭቃ ውስጥ ተረግጧል፣ የቀረው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። ጎንበስ ብለው አንዱን አገዳ ቀና አደረጉት። ለቀቅ ሲያደርጉት ተመልሶ ወደቀ። ሌላውንም ሞከሩ።

"ይኸን ነው ለማርያም ስትይ ያልኩሽ?" አሉ።

"ይኸንኑ ነው።"

አያ ዘመነ ከዘራቸውን ከጭቃው ነቀሉና "በሬውን እንዳትለቂው" ብለው ወደ ወረታ አቀኑ።

ንብረት ከደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። አያ ዘመነ ከጎኑ ቁጭ አሉ። እሱ ስለ ከብት ገበያ ሲያወራ የጋቢውን ጫፍ ከራሳቸው ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠሩና ተነሡ።

"ተነሥ እንግዲህ። ገላነሽ ማሳ ድረስ ቁራኛየ ነህ።"

በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ልብሳቸው ተቋጥሮ ይሄዱ ነበር። ቋጠሮውን በገዛ እጁ የፈታ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። ሕጉ ከቀረ ቆይቷል፤ ኀፍረቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ንብረት ዙሪያውን ቢያይ የሻይ ቤቱ ሰው በሙሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ያየዋል። ጋቢውን ጥሎ ቢሄድ ጋቢውን ጥሎ የሸሸ ተብሎ የልጅ ልጁ ይሰደብበታል። ተነሣ። ሁለቱ በአስፋልቱ ዳር ተቋጥረው ሲሄዱ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋላቸው፣ ባጃጆች ቀስ እያሉ አጀቧቸው። ንብረት መንገዱን ሁሉ ተሳደበ፤ አያ ዘመነም ስድቡ ውስጥ የተሳሳተ ቃል ሲገኝ እያረሙ ሄዱ።

ማሳው ላይ ሽማግሌዎች ተጠሩ። ንብረት ያየውን አይቶ ብዙ አልተከራከረም። ከራሱ እርሻ የጠፋውን ያህል ሩዝ ሊሰጣት፣ እረኛም ሊያቆም ማለ፤ በሬውን ወሰደ። ቋጠሮው ግን አልፈታ አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስፈቱ የኖሩት ሰውየ ማሰር አያውቁበትምና፣ እናኑ በጥርሷ ታግላ ፈታችው።

ንብረት የማለውን አላፈረሰም፤ ኀፍረቱን ግን መዋጥ አቃተው። ከዚያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ "በአደባባይ አስሮ ጎተተኝ" ብሎ ከሰሰ። በማግስቱ ጠዋት ክቡር አያ ዘመነ ተጠርተው ገቡ፤ አልወጡም።

ገላነሽ ይህን የሰማችው ገበያ ወርዳ ነው። መቼም እስካሁን ሰው ሞልቶላቸዋል ብላ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ብትደርስ፣ ያስፈቷቸው፣ ያስማሯቸው፣ ያስለቀቁላቸው ሁሉ ተሰብስበው ከንፈር ይመጥጣሉ። መሐመድአወልም አለ።

"እና ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች።

"ጣቢያ ገብቶ የሚለምን ሰው ጠፋ እኮ" አለ አንዱ።

"እንዲህ ላለው አያ ዘመነ ነበሩ" አለ መሐመድአወል፤ ወዲያው የተናገረውን ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

ገላነሽ ያን ጊዜ የተናደደችውን ያህል በበሬው ቀን አልተናደደችም። "አፈር ብሉ!" አለቻቸው። "ሲያስለቅቁላችሁ መርቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሲታሰሩ ከንፈር ትመጥጣላችሁ! ዘላለም የሚለምንላችሁ ሰው የት አገር አለ?" መሐመድአወል ሊከተላት ተነሣ፤ አልጠበቀችውም። የያዘችውን ዘምቢል እንዳንጠለጠለች ጣቢያው በር ላይ ደረሰች። ጣቢያ ገብታ አታውቅም። አፏ ግን ገና አልበረደም።

"ዘመነ የሚባሉትን ሽማግሌ ፈልጌ ነው" አለች።

"ዋስ ካላቸው ይወጣሉ" አለ ፖሊሱ። "ምናቸው ነሽ?"

"ምናቸውም አይደለሁም። ዋሳቸው ግን እሆናለሁ።"

"ዘመድ አይደለሽ፣ ጎረቤት አይደለሽ፤ ታዲያ ምን አግብቶሽ ነው ዋስ የምትሆኝው?"

ከውስጥ፣ ከበሩ ማዶ፣ የአያ ዘመነ ሳል ተሰማ። ጭቃው ያመጣባቸው ብርድ ነው። ገላነሽ ዘምቢሏን መሬት አስቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"ከእሳቸው ጋር ያልጨረስሁት ጠብ አለኝ" አለች። "እናንተ ከዘጋችሁባቸው እኔ ማንን ልቆጣ ነው?"