ስትለካ ጭነት ነበረባት?

ዲላ ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና ክሪክ ላይ ትውጣ እስቲ። ለካስ ከተማው ሁሉ መካኒክ ነው! ጎሚስታው ይመጣል፤ እሺ፣ እሱስ ይሁን። የባንክ ጥበቃው ይመጣል። በበግ ዋጋ ሲጨቃጨቁ የነበሩ ሁለት ሰዎች በጉን እየጎተቱ ይመጣሉ። ጎንበስ ብሎ አንዴ ያየ ሁሉ ራሱን ይነቀንቅና «ይቺማ የፊት እግሯ ነው» ይላል። እኔ ግን አልስቅባቸውም። እነሱ አዩ እንጂ አልነኩም። የነካሁት እኔ ነኝ።

መኪናዋ የአባቴ ኤንትሬ፣ ያቺ የጥንቷ የጣሊያን የጭነት መኪና፣ ነበረች። ኤንትሬን የማያውቅ ወጣት ካለ አባቱን ይጠይቅ። አባባ ከስልጤ አገር መጥቶ ዲላ ሲከትም መጀመሪያ የያዘው እሷን ነው። እናቴ «እኔማ ሁለተኛ ሚስት ሆኜ ነው የገባሁት» ትላለች። ኤንትሬዋ ከወርቃ ቀይ ቡና ታወርዳለች፣ ወደ ቡሌ ጨውና ሳሙና ትወጣለች። እኛ ልጆቹ የተማርነው በእሷ ጀርባ ነው።

አንድ ዓመት ለዓመታዊው ምርመራ ስትቀርብ መርማሪው የፊት ባሌስትራዋ፣ ጭነት የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ሞላ፣ እንዳለቀ፣ ካልተቀየረ ቦሎ እንደማታገኝ ነገረን። አባባ ደግሞ ማለ። ቀይ ቡና እስኪደርስ መንገድ ካልወጣች ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሰጣታል እንጂ ግቢ ውስጥ ቆማ ስትበሰብስ አያይም። አባባ ከማለ ማለ ነው።

የእሷ ዕድሜ ዕቃ ደግሞ ከየት ይመጣል? በስንት ልመና አዲስ አበባ አንድ ነጋዴ ተገኘ። ልኩን ላኩልኝ፣ ባሌስትራውን፣ አሞርዛተሩን፣ ቡሎኑን ሳይቀር ሙሉ ኪት አሠርቼ እልካለሁ አለ። ማን ይለካ? ጋሽ ጅግሶ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷ ሆድ ሥር ተኝቶ የኖረ መካኒክ፣ የአባባም የልብ ወዳጅ ነው። እኔ ልለካ አለ። አባባ እምቢ አለ። «የተማረ ይግደለኝ! ልጄ ይለካል።» ልጁ ምን ተማረ? ማኔጅመንት።

ለካሁ። ሜትር ዘርግቼ፣ አንዴም ሁለቴም ለካሁ። ሚሊሜትር አልቀረኝም። ሥዕል ሣልኩ፣ በቀስት አመለከትኩ፣ ከታች ፈረምኩ። አባባ ሥዕሉን በየሱቁ እያዞረ ሲያሳይ ሰነበተ። አንድ ነገር ብቻ ልብ አላልኩም። ኤንትሬዋ ጀንፈል፣ ያው ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ እስከ አፏ ተጭና ነበር። አባባ ዋጋው ይጨምር እንደሆነ ብሎ ከነጭነቷ አቁሟት ነበር። ባሌስትራ ደግሞ ጭነት ሲያርፍበት ይለጠጣል፣ ይረዝማል። ይሄን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። እንዲያውም ዲግሪ ሳይከለክል አይቀርም።

ከዚያ ጀንፈሉ ተሸጠና በሱ ኪቱ ተገዛ። አያችሁ ጉዴን? ከነጭነቷ ለካኋት፣ ጭነቷን ሸጥን፣ ባዶዋን ልናለብሳት ተነሳን።

የሚገጠም ቀን ሰፈሩ በሙሉ ተሰበሰበ። አዲሱ ባሌስትራ በአንድ በኩል ገባ፤ በሌላው በኩል ቦታውን በሦስት ጣት አልፎ ቁጭ አለ። ተጎተተ፣ ተመታ፣ ቢስሚላህ ተባለ። አንዱ ዘይት ቀቡት፣ ሌላው በእሳት አሙቁት፣ የባንክ ጥበቃው ደግሞ አዙራችሁ ሞክሩት አለ። ጋሽ ጅግሶ ከሥሯ ተንፏቆ ወጣ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገና እኔን አየኝ።

«ወንድሜ፣ ስትለካ ጭነት ነበረባት?»

«አዎ» ለማለት ስንት ፊደል ይፈጃል? ሰው ሁሉ ያየኛል። አባባ አጠገቤ ቆሞ ሙስባሃውን ይቆጥራል።

«ባዶ ነበረች» አልኩ።

አፍሬ ነው የዋሸሁት። አሁን ስነግራችሁም አፍራለሁ።

ጋሽ ጅግሶ አመነኝ። የተማረ ሰው አይዋሽም ብሎ መሰለኝ። ጥፋቱንም ለራሱ ወሰደው። ድሮ ባሌስትራው የሚታሰርበትን መያዣ ሻንሲው ላይ፣ ማለት የመኪናዋ አከርካሪ ላይ፣ የበየደው እሱ ነበር። «ኪቱ ጥፋት የላትም። ልኩም ጥፋት የላትም። ያኔ እኔ ነኝ አስጠግቼ የበየድኩት» አለ። ሻንሲውን ቆርጦ መያዣውን ሦስት ጣት ወደ ፊት ወሰደው። ኪቱ ገባ። ሰፈሩ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ!

ኤንትሬዋ ከዚያ ወዲያ ወደ ግራ ካልሆነ መሄድ እምቢ አለች። መርማሪው አንዴ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። ሻንሲው ተቆርጧል፤ አለቀ። ቀይ ቡና ደረሰ፣ አባባም መሐላውን ጠበቀ። ግቢያችን ውስጥ በእሳት እየቆራረጡ ጫኗት። አባባ ወደ ቤት ገብቶ በር ዘጋ። ቆማ ያለቀሰችው እናቴ ናት።

ጋሽ ጅግሶን ከተማው «ሻንሲ ቆራጩ» አለው። ለሱ ማን መኪና ይሰጣል? ዛሬ መናኸሪያ አጠገብ የባጃጅ ጎማ ይለጥፋል። አባባ ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይሻገራል። ሰውም፣ እኛም፣ ተቀይሞት ነው አልን። እኔ ደግሞ ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል በሚለው ተረት ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴን ሞልቼ ኖርኩ።

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ አገኘኝ። እጁ ግሪስ ስለሆነ ለሰላምታ ክንዱን ዘረጋልኝ። «አባትህን ይቅር በለኝ ብሏል በልልኝ። እጄ ነው ያጠፋች» አለ። ክንዱን ጨብጬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ከአሱር ሶላት በኋላ አባባ ፊት ተቀመጥኩና አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ጩኸቱን ጠበቅሁ።

«ዐውቃለሁ» አለኝ። «ጀንፈሉን የጫንኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ ልጄን ውሸታም ልበለው?»

መንገድ የሚሻገረው ለካ ተቀይሞ አልነበረም። ዓይኑን ማየት አቅቶት ነው።

«ታዲያ ለጋሽ ጅግሶ ማን ይንገረው?» አልኩ። እሱ እነግረዋለሁ እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት። አባባ ሙስባሃውን አስቀመጠ።

«ያን ቀን ከአንተና ከኤንትሬዋ አንዳችሁን ማትረፍ ነበረብኝ» አለ። «እሷ አሮጌ ናት፣ አንተ ገና ታገለግላለህ ብዬ አንተን መረጥኩ። ተሳስቻለሁ። እሷ ብትሆን እስካሁን ጅግሶ ጋ ደርሳ ነበር።»