የከሰረው ሰው ሁለት በጎች

መክሰር ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ሰው ይነግዳል፣ አይሳካለትም፣ ይከስራል፤ አለቀ። ኋላ ግን ስለ ሌሎች አገሮች ሕግ ሳነብ፣ በትክክል ተረድቼው ከሆነ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። መክሰርም መመዘኛ አለው። ዕዳዬን መክፈል አቃተኝ ብሎ ዳኛ ፊት የቀረበ ሰው ገቢው ይጠየቃል። ያለፉት ወራት ይደመራሉ፣ ለወር ይካፈላሉ፤ ድርሻው ከተቆረጠው ልክ ካለፈ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ ለመክሰር አልበቁም ይባላል። በሕይወቴ ብዙ ፈተና ወድቄያለሁ። እንዲህ ያለ ፈተና መኖሩን ግን አላውቅም ነበር።

እኛ ሐይቅ ከተማ ግን እንዲህ ያለው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ዳኛ ፊት አይደርስም። ቢያንስ የሰይድ ጉዳይ አልደረሰም፤ ሽማግሌ ተቀመጠበት።

ሰይድ ጎረቤቴ ነው። ከአሥጋሪዎች ዓሣ እየተረከበ ወደ ደሴ ይልክ ነበር። ንግዱን ላስፋፋ ብሎ በብድር ትልቅ ማቀዝቀዣ ገዛና ሞላው፤ መብራት ለቀናት ጠፋ። ዓሣው ምን እንደሆነ ዘርዝሬ አፍንጫችሁን ማስቸገር አልፈልግም። አሁን ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ያበደሩት ጋሽ ከበደ የውጫሌ እህል ነጋዴ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ገንዘባቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ሰይድ ደግሞ ከሚስቱ ከዘሃራና ከልጆቹ ጋር ከሚኖርባት ቤት በቀር የሚሸጥ ነገር አልቀረውም።

ሽማግሌዎቹ ሸህ እንድሪስና መምሬ ታደሰ ነበሩ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ያልተቀመጡበት እርቅ በእኛ ሰፈር እርቅ አይባልም። ሒሳብ ስለተማርኩ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ደንቡ በስምምነት ወጣ፦ የሰይድ ገቢ በወር ከስድስት ሺህ ብር በታች ከሆነ የዕዳው ግማሽ ይማርለታል፣ ቀሪውን በሦስት ዓመት ይከፍላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቤቱ ይሸጣል።

በቤቱ ያለውንና የሌለውን መዘገብኩ፤ የስድስት ወር ገቢውንም ሰብስቤ ደመርኩ። የወፍጮ ቤቱን ደሞዝ፣ በሰንበት የሚሸከመውን ጭነት፣ ትልቋ ልጁ ከሪያድ አንድ ጊዜ የላከችውን ሳይቀር አስገባሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ደምሮ የሚያምን ሰው ስላልሆንኩ ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ለወር አምስት ሺህ ሰባት መቶ ብር ወጣ። ሰይድ በሦስት መቶ ብር ልዩነት ለመክሰር በቃ ማለት ነው።

ጋሽ ከበደ ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ቁጥሩ መልካም ነው፣ ኑሮውን ግን በዓይናችን እንየው አሉ። ሽማግሌዎቹም ተገቢ ነው ብለው ለማክሰኞ ቀጠሩ። መጀመሪያ ረቡዕ ተብሎ ነበር፤ መምሬ ረቡዕ ጾም መሆኑን አስታወሱ። የአንድን ሰው ድህነት ለማየት ጾም መሆን አለመሆኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ያኔ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደረስን። ደብተሬን ሳልከፍት ምሳ ቀረበ።

እናንተ የሌላ አገር ሰዎች ከሆናችሁ ይህን ልንገራችሁ። ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያኑ ለቅሶውንም ሠርጉንም አብሮ ይውላል፤ የሚለያየው ቢላዋው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሸህ እንድሪስ አንድ በግ ታርዷል። ለመምሬ፣ ለጋሽ ከበደና ለእኔ ደግሞ ክርስቲያን ጎረቤት ተጠርቶ ሌላ በግ አርዷል። ለእናንተ ዶሮ አይበቃም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም አስቤዋለሁ። ነገር ግን በአንድ ቤት ለአንዱ እንግዳ በግ፣ ለሌላው ዶሮ ያቀረበ ሰው እኛ ዘንድ ከዕዳ የከፋ ስም ያተርፋል።

ድህነቱን ልናይ የሄድን ሰዎች በላን። ጋሽ ከበደ ሁለቴ ተጨምሮላቸዋል። እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው።

«ሰይድ» አሉት፣ «እኔ አበዳሪህ ዘንድሮ በግ ያረድኩት ለፋሲካ ብቻ ነው። አንተ ከሳሪው በአንድ ማክሰኞ ሁለት ጣልክ።»

«ታዲያ ጋሽ ከበደ፣ ወላሂ፣ እርስዎን በሽሮ ልሸኝ ኖሯል?»

«በሽሮ ብትሸኘኝ ግማሹን ምሬህ እሄድ ነበር።»

ሸህ እንድሪስ በጎቹ ከየት እንደመጡ ጠየቁ። ሰይድ መሬት መሬቱን አየ። ከጓዳ በር ላይ ዘሃራ፣ «በዱቤ ነው አባባ፤ ከበግ ነጋዴው» አለች። የሁለቱ ዋጋ የሰይድ የሦስት ወር ተኩል ገቢ መሆኑን በልቤ አሰላሁ። ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ ነበር፦ ገቢና ዕዳ። ቤት ውስጥ የተገኘ ሀብት ነው ተብሎ ገቢ ላይ ከሰፈረ ሰይድ ልኩን አልፎ ቤቱን ያጣል። ዕዳ ላይ ከሰፈረ፣ ምሕረት እየለመነ አዲስ ዕዳ የሚገባ ሰው ሊባል ነው። የት ልጻፈው ብዬ ጠየቅሁ።

መምሬ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ቆዩ። «ገቢ ነው ካልን የበላነው እኛ ነን» አሉ። «ዕዳ ነው ካልንም የበላነው እኛው ነን። ከጻፍከው ስማችንን አብረህ ጻፍ።»

አልጻፍኩትም። ሥጋው ገና ሆዳቸው ውስጥ እያለ የበሉበትን ቤት ሽጡልኝ ማለት ለጋሽ ከበደም አልሆነላቸውም። በመጨረሻ፣ ግማሹ ቀርቶለታል አሉ። ሸህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፣ መምሬ አሜን አሉ። ሰይድን ያዳነው የእኔ ሦስት መቶ ብር ይሁን ሁለቱ በጎች፣ ማረጋገጫ የለኝም።

የቀረው በምስክሮች ፊት መፈራረም ነበር። በጣቴ ቆጠርኩ፦ ከምስክሮቹ ጋር ዘጠኝ ሰው፣ ከሁለቱም ሃይማኖት። ስለዚህ በጥንቃቄ፣ የምሠራበት ቢሮ ጠረጴዛም ማኅተም መርገጫም ስላለው ፊርማው እዚያ ቢሆን አልኩ። ያን ቀን ሙሉ ፈገግታው ያልጠፋው ሰይድ ፊቱን አጠቆረብኝ።

«ምነው ወንድሜ፣ ከእኔ ቤት ምን ጎድሎ አገኘህ?»

ቦርሳዬ ውስጥ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት፣ ከቤቱ የጎደለው ሁሉ በሁለት ገጽ ተዘርዝሮ ነበር።

«ምንም» አልኩት።